ሦስት ሳይት፣ አንድ ፎርምወርክ፦ ያጠረዎት ምን እንደሆነ ሳይለዩ ሰው አይቅጠሩ

ጥያቄ፦ «በአንድ መካከለኛ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ሦስት ሥራ ይዘናል። አዲስ አበባ ላይ ጂ+4 የግል ቢሮ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ላይ ነን። ደብረ ብርሃን ላይ ጂ+2 የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የቀረው የመጨረሻው ሶሌታ ነው። ሸኖ ላይ ገና ቁፋሮ የጀመርንበት ጤና ጣቢያ። ለሦስቱም ያለን 14 አናጢ፣ 300 ካሬ የሚሸፍን አንድ የፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ ማስያዣ) የፓኔል ስብስብ፣ አንድ ሰርቬየርና አንድ ሚክሰር ነው። ሁለቱ ሶሌታዎች እያንዳንዳቸው 280 ካሬ ግድም ናቸው፤ አናጢዎቹ በሙሉ አንድ ቦታ ከዋሉ በ12 ቀን ያዘጋጁታል። ፓኔሉን ከነድጋፉ በ14ኛው ቀን ነው የምናነሳው። አሁን 160 ካሬ ደብረ ብርሃን፣ 120 ካሬ አዲስ አበባ ተዘርግቶ ቆሟል። ባለቤቱ ‹ሁሉንም እኩል አስኪድ› ይሉኛል። ሦስቱም ዘግይተዋል፤ ደብረ ብርሃን 62 ቀን አልፎናል። እሑድም እየሠራን ነው። 10 አናጢ ልጨምር? ወይስ የሰው ኃይል እጥረት ብዬ የጊዜ ማራዘሚያ ልጠይቅ? አሁን መጋቢት እያለቀ ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው።»

መልስ፦

አናጢ አይቅጠሩ። በእጥረት ምክንያት ማራዘሚያም አይጠይቁ፤ አይሰጥዎትም። ያጠረዎት ሰው ሳይሆን ፓኔል ነው። እሱንም ቢሆን ለሁለት ከፍለውት እንጂ ለአንድ ሶሌታ የሚበቃ በእጅዎ አለ።

160 ካሬና 120 ካሬ ሲደመር 280 ካሬ ነው። አንድ ሙሉ ሶሌታ የሚሸፍን ፎርምወርክ ተዘርግቶ ሳለ አንድም ሶሌታ ማፍሰስ አልቻሉም ማለት ነው። «እኩል ማስኬድ» የሚባለው ነገር በደመወዝ ወይም በምግብ ላይ ፍትሐዊ ይሆናል። በሶሌታ ላይ ግን ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ ግማሽ የተዘረጋ ፓኔል ኮንክሪት አይፈስበትም፣ አብዛኛው አማካሪ መሐንዲስም ኮንክሪት ያልፈሰሰበትን ፎርምወርክ ለክፍያ አይለካም። ስለዚህ ዛሬ በሁለቱም ሳይት የዋለው የአናጢ ደመወዝ ከየትም ተመልሶ አይመጣም። ሥራዎቹ የዘገዩት ሀብት በማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ በጊዜው ይደርስ ነበር። ሦስቱም አንድ ላይ መዘግየታቸው የሚያሳየው የአከፋፈል ችግር መሆኑን ነው።

ስለ ፕሮግራምዎ አልጻፉልኝም፤ ግን እገምታለሁ፦ ለየሳይቱ ለብቻው የተሠራ፣ በየራሱ ሲታይ እንከን የሌለበት የጊዜ ሰሌዳ ይኖርዎታል። በ1957 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካው የዱፖንት ኬሚካል ኩባንያ የተጀመረው የወሳኝ መስመር ስሌት፣ ዛሬም ኤምኤስ ፕሮጀክት በሚባለው የጊዜ ሰሌዳ ማውጫ ሶፍትዌር ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው፣ በመነሻው የሚቆጥረው የሥራዎቹን ቅደም ተከተልና ርዝመት ብቻ ነው። ያው ፓኔል በያው ሳምንት በሁለት ከተማ መፈለጉን በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን ፕሮግራሞች አንድ ወረቀት ላይ ያምጡ። በአግድም ሳምንታቱን፣ በቁልቁል ሳይቱን ሳይሆን ዕቃውንና ሰዉን ይጻፉ፤ ፓኔል፣ አናጢ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ሰርቬየር፣ ሚክሰር፣ ገንዘብ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሳይት የሚገባበትን ቦታ በቀይ ይቀቡ። አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ጭቅጭቅም ያስቀራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ የአናጢው ነገር የሚለየው እዚህ ነው። አንድ ፓኔል ሥራ ጀምሮ ለሚቀጥለው ሥራ እስኪለቀቅ ያለውን ዙር ይደምሩ፦ ዝርጋታ 12 ቀን፣ ፌሮ መጨረስ፣ ፍተሻና ማፍሰስ 3 ቀን፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር 14 ቀን፣ ማንሳትና ማጓጓዝ 2 ቀን። ድምሩ 31 ቀን ነው። 10 አናጢ ቢጨምሩ 14ቱ 24 ይሆናሉ፤ ሁሉም ያለ መጠላለፍ ቢሠሩ እንኳ 12ቱ ቀን ወደ 7 ይወርዳል፣ ዙሩም ወደ 26። የአናጢ ወጪዎን ከ70 በመቶ በላይ ጨምረው የሚያተርፉት ቢበዛ 5 ቀን ነው። አዲሶቹ ሳይቱን እስኪለምዱ፣ ፎርማኑም 24 ሰው መቆጣጠር እስኪችል ድረስ ያቺም ትቀንሳለች። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዙሩን አይነካውም፤ የፓኔሉን ጊዜ የበላው ጭነት አይደለምና።

ይልቅ 14ቱን ቀን ይመልከቱ። በተለመደው የግንባታ ሥርዓት የኮለን (ምሰሶ) እና የቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) የጎን ፎርም ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል፤ የሶሌታ ታች ፓኔል፣ ድጋፉ ሳይነካ የሚቀር ከሆነ፣ በ7 ቀን፤ የሶሌታ ድጋፍ በ14 ቀን፤ የቢም ታች ጣውላ በ14 ቀን፤ የቢም ድጋፍ ደግሞ በ21 ቀን። እርስዎ ፓኔሉን ከነድጋፉ በአንድ ቀን ስለሚያነሱ፣ በ7 ቀን ሊለቀቅ የሚችለውን ፓኔል 7 ቀን በከንቱ ያስራሉ። ይህንን ብቻ ቢያስተካክሉ ዙሩ ከ31 ወደ 24 ቀን ይወርዳል። አንድም አናጢ ሳይቀጥሩ፣ 10 አናጢ ቀጥረው ከሚያገኙት የበለጠ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ በ14ኛው ቀን የሚያነሱት የቢሙንም ድጋፍ ጨምሮ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። እሱ የጊዜ አጠቃቀም ጉዳይ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

«ድጋፉ ሳይነካ» የሚለው ቃል ግን በብዙ ሳይት በተሳሳተ መንገድ ይገባል። ድጋፉን አንስቶ፣ ፓኔሉን አውጥቶ፣ ድጋፉን መልሶ መትከል አይደለም። ድጋፉ በተነሳባት በዚያች ግማሽ ቀን የ7 ቀን ኮንክሪት ሙሉውን ስፋት ብቻውን ይሸከማል፤ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያኔ ይጀምራል፣ ተመልሶ የተተከለውም ድጋፍ ሸክሙን መልሶ አይወስድም። ትክክለኛው አሠራር ከዝርጋታው ይጀምራል። በድጋፉ መስመር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት ያለው ጠባብ ጣውላ ለብቻው ይዘረጋል፤ ይህ ከድጋፉ ጋር ይቀራል። ፓኔሎቹ በጠባብ ጣውላዎቹ መካከል፣ በተሸካሚው እንጨት ጎን በተመታ ልጥፍ ላይ ይቀመጣሉ። በ7ኛው ቀን ልጥፉ ይነቀላል፣ ፓኔሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድጋፉና ጠባቡ ጣውላ እንደቆመ ይቀራል። አናጢዎችዎ ይህንን ሠርተው የማያውቁ ከሆነ በመጀመሪያው ሶሌታ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያሉ፤ ያንን ይቁጠሩት።

በ7 ቀን የማንሳት ፈቃድ በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይሰጥም። በማፍሰሻው ቀን ከመደበኛው ናሙና ሌላ ጎናቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ 3 ተጨማሪ የኮንክሪት ኩብ ያውጡ፤ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ሶሌታው አጠገብ፣ ሶሌታው በሚጠጣው ውኃ ይቆዩ፤ በ7ኛው ቀን ጥንካሬያቸው እየተለካ ይሰበሩ። ሲ-25 (የጥንካሬ ደረጃው 25 የሆነ) ኮንክሪት በዚያን ጊዜ ከ28 ቀን ጥንካሬው ወደ ሁለት ሦስተኛው መድረስ አለበት። ካልደረሰ ፓኔሉ ይቆያል፣ ክርክር የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ የኮንክሪቱን መጠንከር ስለሚያዘገየው 7 ቀን የሚለው እዚያ ላይሠራ ይችላል። አሁን ባለንበት ወቅት ችግሩ ያን ያህል አይደለም፤ ኩቡ ግን ይሰበር።

ከዚህ የሚከተለው የግዢ ውሳኔ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ፓኔሉ ቶሎ ሲለቀቅ ቀጥሎ የሚያጥርዎት ድጋፍ ነው፤ ፓኔሉ ወደ ሌላ ሶሌታ ሲሄድ ድጋፉ የቀደመው ሶሌታ ሥር ይቀራልና። የባሕር ዛፍ ድጋፍ በ80 በ80 ሴንቲ ሜትር ቢተከል ለ280 ካሬ 440 ያህል ያስፈልጋል፤ ርቀቱን የሚወስነው ግን እንደ ሶሌታው ውፍረትና እንደ እንጨቱ ጥራት መሐንዲሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አዲሱ ሶሌታ ሲፈስ ከሥሩ ያለውም ወለል በድጋፍ መቆየት አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ኮንክሪት በካሬ 375 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሠራተኛውና ጋሪው ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ያንን የሚሸከመው የታችኛው ሶሌታ ገና 28 ቀን ያልሞላው ከሆነ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ሦስት ዙር የሚበቃ ድጋፍና ሁለተኛ የቢም ታች ጣውላ ይያዙ። ባሕር ዛፍ ከፓኔል ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ያለዎትን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ ሁለተኛ የፓኔል ስብስብ ይከራዩ፤ ያኔ ያሉት 14 አናጢዎች በየ14 ቀኑ አንድ ሶሌታ ማድረስ ይችላሉ። አናጢ ስለመጨመር ማሰብ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

እሑድ መሥራቱን ያቁሙ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። የዕረፍት ቀን ሥራ ለአደጋ፣ ከዐቅም በላይ ለሆነ ነገርና ለአስቸኳይ ሥራ የተፈቀደ እንጂ ቋሚ ፕሮግራም አይደለም። ሕጉን ለጊዜው ብንተወውና ሒሳቡን ብቻ ብናይ፣ 12 ሰዓት ለ48 ሰዓት 25 በመቶ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚገኝ ነገር የለም። ያም የሚጠቅመው የታሰረው ሥራ ላይ ከዋለ ብቻ ነው። ፓኔል የሚጠብቅ አናጢ እሑድ ቢገባ ሁለት እጥፍ ተከፍሎት ይጠብቃል። ትርፍ ሰዓትን ለሁለት ጊዜ ብቻ ያስቀምጡት፦ ለማፍሰሻው ቀንና ፓኔል ተነስቶ ለሚጓጓዝባቸው ሁለት ቀናት።

የትኛው ሳይት ይቅደም? እርስዎ በውል ዋጋ መጠን ወይም ስልክ በሚደውለው ሰው ብዛት እየመረጡ ይመስለኛል። ሦስት ነገር ይመዝኑ፦ ወደ ክፍያ ምን ያህል ቀርቧል፣ ቅጣቱ ጣሪያው ላይ ለመድረስ ምን ያህል ቀርቶታል፣ ካለፈ የማይመለስ ወቅት አለው ወይ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደብረ ብርሃን ይቀድማል። በመንግሥት ውሎች ላይ የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በቀን 0.1 በመቶ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ነው፤ ይህ ማለት በ100ኛው ቀን ጣሪያው ይነካል፣ አሠሪውም ውሉን የማቋረጥ መብት ይከፈትለታል። 62 ቀን ካለፈ 38 ቀን ቀርቶዎታል። ቅጣቱ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው ወይስ ባልተጠናቀቀው ሥራ ላይ የሚለውን ከውልዎ ላይ ያንብቡ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ38 ቀን ትምህርት ቤቱን አያስረክቡም። ነገር ግን የመጨረሻው ሶሌታ ከፈሰሰ ያ ሳይት ፓኔል ሁለተኛ አይፈልግም፤ የቀረው የግንበኛ፣ የልስን፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ ነው፣ እነሱ ደግሞ አዲስ አበባን አይሻሙም። አሠሪውም ጣሪያው የተዘጋ፣ ልስን የተጀመረለት ሕንፃ ላይ ውል ለማቋረጥ ብዙ ያመነታል።

ስለዚህ፦ አዲስ አበባ ያለውን 120 ካሬ ነቅለው በአይሱዙ ደብረ ብርሃን ያውርዱት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነቅሎ መጫንና ማድረስ አንድ ቀን። የቀረውን 120 ካሬ ለመዘርጋት 14ቱም አናጢዎች እዚያ ከዋሉ 5 ቀን ግድም ይበቃቸዋል፣ ለአዲሱ ዘዴ ሁለት ቀን ይጨምሩ። ቀድሞ የተዘረጋው 160 ካሬ በድሮው መንገድ ስለሆነ በ7 ቀን የሚለቀቀው አዲሱ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ወይ የድጋፍ መስመሩን አሁኑኑ ማስተካከል ነው፣ ወይ ያንን ክፍል እስከ 14ኛው ቀን መጠበቅ። እኔ ማስተካከሉን እመርጣለሁ፤ ፌሮ ገና ካልተዘረጋበት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ በ12ኛው ቀን ግድም ያፈሳሉ፣ በ19ኛው ቀን ፓኔሉ ይለቀቃል፣ በ21ኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል።

አዲስ አበባ እስከዚያ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። ከታች ባሉት፣ ድጋፋቸው በተነሳ ወለሎች ላይ የብሎኬት ግንብ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ ቀበራ፣ የደረጃ ፌሮ ይሠራል፤ ከእነዚህ አንዳቸውም የሶሌታ ፓኔል አይነኩም። ደብረ ብርሃን ፈሶ ፓኔሉ በታሰረባቸው በእነዚያ 7 ቀናት ደግሞ አናጢዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደው የደረጃውን ፎርም ይሠራሉ፣ ግማሾቹ መንገዳቸው ላይ ሸኖ ወርደው የመሠረት ፓድ ጎኖችን ያዘጋጃሉ።

አንድ የማፍሰሻ ቀን ወጥመድ አለ፤ ፕሮግራም ላይ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። 280 ካሬ በ15 ሴንቲ ሜትር 42 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሞቹ 18 ሜትር ኩብ ቢሆኑ 60 ሜትር ኩብ። ሲ-25 በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ከያዘ 21,600 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 216 ኩንታል ወይም 432 ከረጢት ያስፈልጋል። አንድ ሚክሰር በአንድ ከረጢት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 4 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በሰዓት 15 ከረጢት ይጨርሳል። 432ቱን ለመጨረስ 29 ሰዓት። በአንድ ሚክሰር ይህ ሶሌታ በአንድ ቀን አይፈስም፤ ማታ ሲጨልም ተቆርጦ ይቀራል፣ የተቆረጠውም ቦታ ሰው የደከመበት ቦታ እንጂ መሐንዲስ የመረጠው አይሆንም። ለዚያ ቀን ብቻ ሁለት ሚክሰርና ሁለት ቫይብሬተር (የኮንክሪት መንቀጥቀጫ) ይከራዩ፣ አንድ ትርፍ ቫይብሬተርም ቆሞ ይዋል፤ ወይም በዋጋው የሚያዋጣ ከሆነ ሬዲሚክስ (ተቦክቶ የሚመጣ ኮንክሪት) ከነፓምፑ ይዘዙ። በሦስት ሚክሰር 10 ሰዓት ግድም ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጀመር አለበት። የግድ መቆረጥ ካለበት ቦታው አስቀድሞ በተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ፈቃድ በቢሙና በሶሌታው መካከለኛ ሲሶ ላይ ይሁን፣ ኮለን አጠገብ ፈጽሞ አይሁን።

ሲሚንቶ ቀድመው ለሦስቱም ሳይት አያከማቹ። ገንዘብዎን ያስራል፣ በሦስት ወር ውስጥም ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ በእርጥብ ወቅት ከዚያም ይፈጥናል። ለዚያ ማፍሰሻ የሚበቃውን ብቻ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራርቡ። እጥረት ሲመጣ ከየዙሩ ሲሚንቶ መቀነስ ወይም ለማቅለል ውኃ መጨመር የሚባለው ፈተና ይመጣል፤ የሚያተርፉት የጥቂት ከረጢት ዋጋ ነው፣ ኩቡ ሲወድቅ የሚያፈርሱት ሙሉ ሶሌታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ፍተሻ ላይም ቀን አይጥፋ። የተቆጣጣሪው ፍተሻ ጥያቄ በጽሑፍ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ይግባ፤ ከመምጣቱ በፊት የራስዎ ሳይት መሐንዲስ የፌሮ ዲያሜትር፣ ርቀት፣ ሽፋንና መደራረቢያ ፈትሾ ይፈርም። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ስታፋው (ፌሮዎቹን የሚያስረው ቀለበት) ጎድሏል» ብሎ ቢመለስ፣ ተከራይተው የቆሙት ሚክሰሮች የዚያን ቀን ኪራይ ይጠይቃሉ። ሰርቬየሩም አንድ ስለሆነ የጠራው ሁሉ እንዲወስደው አይፍቀዱ። ሰኞ ሸኖ፣ ረቡዕ ደብረ ብርሃን፣ ዓርብ አዲስ አበባ ብለው ያውጁ፤ ፎርማኖቹ ሥራቸውን በእሱ ቀን ያመቻቻሉ።

የአናጢ ሥራውን በካሬ ቆርጦ ለቡድን መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ተቋራጭ ያደርገዋል፣ ፍጥነትም ያመጣል። ነገር ግን በካሬ የሚከፈለው አናጢ ድጋፍ ማሰሪያና ማገጃ ላይ ይቸኩላል፤ የእሱ ካሬ የሚቆጠረው በላይኛው ፊት ነው፣ አደጋው የሚመጣው ከታች። ከሰጡ፣ ከክፍያው አንድ ሦስተኛውን ሶሌታው ፈሶ ፎርሙ በሥርዓት ተነስቶ ፓኔሉ ተቆጥሮ እስኪረከብ ይያዙ።

ወደ ማራዘሚያው ስንመለስ፣ የተቋራጩ ሰው፣ ዕቃ ወይም ገንዘብ ማጠር በየትኛውም የተለመደ ውል የተቋራጩ ኃላፊነት ነው። ደብዳቤ ላይ ከጻፉት ማራዘሚያ አያገኙም፤ ይልቁንም ዐቅም እንደሌለዎት በፊርማዎ ያረጋግጣሉ፣ ያ ወረቀት በኋላ ይወጣብዎታል። ማራዘሚያ የሚያሰጡት የዘገየ ሥዕል፣ የዘገየ የሳይት ርክክብ፣ የለውጥ ሥራ ትእዛዝ፣ ከውሉ ጊዜ ያለፈ ክፍያና የመሳሰሉት ናቸው። ባለፉት ወራት ከእነዚህ አንዱ ደርሶ ከነበረ ከሳይት ማስታወሻና ከደብዳቤ መዝገብ ቀኑን ያውጡ። በፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የ1999 ውል ማሳወቂያው ክስተቱን ባወቁ በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የእርስዎ ውል ሌላ ቀን ሊኖረው ይችላል። ያለፈበትም ቢሆን ያስገቡ፣ ተስፋዎን ግን እዚያ ላይ አይጣሉ።

አዲስ አበባ ላይ ፎርምወርክ ነቅለው ሲሄዱ ደግሞ ዝም ብለው አይሂዱ። በዓለም ባንክ የአነስተኛ ግንባታ ውል ሰነድ ለምሳሌ፣ በጸደቀው ፕሮግራም ላይ ያልታየና ያልተፈቀደ የ28 ቀን ሥራ ማቆም መሠረታዊ የውል ጥሰት ነው፤ የግል ውሎችም ተመሳሳይ አንቀጽ ይገለብጣሉ። ስለዚህ ፓኔሉ ከመነቀሉ በፊት፣ በእነዚያ 3 ሳምንታት ምን እንደሚሠራና ሶሌታው መቼ እንደሚፈስ የሚያሳይ የተሻሻለ ፕሮግራም ለአማካሪው ያስገቡና ማኅተም ያስመቱበት። ተጋልጠው የሚቆዩትን የኮለን ፌሮዎች በቀጭን የሲሚንቶ ውኃ ይቀቡ፣ ዝገት ይከላከላል።

ባለቤቱን በክርክር አያሸንፉም፤ «እኩል አስኪድ» የሚሉትም ደንበኛ ሲጮህባቸው ነው። አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ፤ ሁለት ዓምድ ብቻ ይኑረው። በአንዱ፣ ፓኔሉ ተከፍሎ ከቀጠለ የሚፈስ ሶሌታ እስከ መቼ እንደሌለ። በሌላው፣ ደብረ ብርሃን በ12ኛው ቀን፣ አዲስ አበባ በ36ኛው ቀን፣ ከየራሳቸው የክፍያ ሰርተፊኬት ጋር። ከዚያ «የትኛውን ይወስናሉ?» ብለው ይጠይቁና በወረቀቱ ላይ ያስፈርሙ። ካልፈረሙም በወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፈው ፋይል ያድርጉ።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ፤ ችግሩ በመሠረቱ የገንዘብ ከሆነ። በመንግሥት ሥራ እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ተወስዶ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር የተለካ ሥራ ላይ 30 ለቅድመ ክፍያው ተመላሽ፣ 5 ለመያዣ ተቀንሶ ከታክስ በፊት 65 ብር ነው የሚገባው። ቅድመ ክፍያው ለሌላ ሳይት ውሎ ካለቀ፣ በ65 ብር የ100 ብር ሥራ መሥራት አለብዎት ማለት ነው። የሚቀጥሉትን 6 ሳምንታት ገቢና ወጪ በሳምንት በሳምንት ይጻፉ። 216 ኩንታሉን፣ ፌሮውን፣ ኪራዩንና ደመወዙን የሚሸፍን ገንዘብ ከሌለ፣ የፓኔል አደላደል አያድንዎትም። ያኔ ትክክለኛው እርምጃ ቅጣቱ ጣሪያ ከመንካቱ በፊት በአሠሪው ፈቃድ ከሥራዎቹ አንዱን ለንዑስ ተቋራጭ ማስተላለፍ ወይም በስምምነት መውጣት ነው፤ ለዚያ የምመርጠው ሸኖን ነው፣ ገና ብዙ ያልፈሰሰበት ስለሆነ።

ገንዘቡ ካለ ግን ሸኖ በወቅት ይቀድማል፤ ከፓኔሉ ጋር ስለማይሻማ ከደብረ ብርሃን ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። የሚያስፈልገው ቁፋሮ፣ ግንበኛ፣ ጥቂት ፌሮና የሰርቬየሩ አንድ ቀን ነው። ጉድጓዱን እስከ መጨረሻው ቆፍረው ክፍት አይተዉት፤ የታችኛውን 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) በሚፈስበት ዕለት ጠዋት ይቆፍሩ፣ የሊን ኮንክሪቱን 5 ሴንቲ ሜትርም በዚያው ቀን ያፍስሱ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ አንድ ዝናብ መሠረቱ የሚያርፍበትን ያላሽቀዋል፤ የላሸቀው ተጠርጎ እስኪወጣ ሥራው ይቆማል። ግንቦት 20ን እንደ መቁረጫ ቀን ይያዙት። እስከዚያ ግሬድ ቢሙ (መሠረቶቹን የሚያያይዘው ቢም) የማይፈስ ከሆነ አዲስ ፓድ አይክፈቱ፤ የፈሰሱትን ፓዶች ዙሪያ መልሰው በገረጋንቲ ሞልተው ይጠቅጥቁ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይቅደዱ፣ ፕሮግራሙ ላይ እስከ መስከረም መቆሙን አስጽፈው ሰዎቹን ወደ ደብረ ብርሃን ልስን ይውሰዱ።